ከናይሮቢ እስከ ቶሮንቶ፦ ርቀቱ ስንት ነው? ጉዞውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የትምህርት ዓምድ

በመጠለያ ጣቢያችን የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸውን ወደ ካናዳ የሸኙት በሐምሌ ወር፣ በዕለተ ማክሰኞ ነበር። ልጁ ከመሄዱ በፊት የጉዞውን ሰዓት በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣቸው። ወረቀቱ «ማክሰኞ 23:50 ከናይሮቢ መነሻ፤ ረቡዕ 16:30 ቶሮንቶ መድረሻ» ይላል። የጎረቤት ተማሪ አንብቦላቸው፣ 16:30 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል መሆኑን ነገራቸው።

ረቡዕ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን እናትየው ስልካቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ስልኩ አልጮኸም። 11 ሰዓት ሆነ፤ 12 ሰዓት ሆነ፤ መሸ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ማልቀስ ጀመሩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «አውሮፕላኑ አንድ ነገር ሆኖ እንዳይሆን» አለ፤ ሌላው «መንገድ ላይ ይዘውት ይሆናል» አለ። ማንም እንቅልፍ ሳይወስደው ለሐሙስ አጥቢያ ሊነጋጋ ሲል ስልኩ ጮኸ። ልጁ በሰላም ገብቷል። አውሮፕላኑም አንዲት ደቂቃ አልዘገየም።

ታዲያ ስሕተቱ የማን ነበር? ወረቀቱ እውነት ነው። ተማሪውም ሰዓቱን በትክክል ነው የለወጠው። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም 16:30 የተባለው የቶሮንቶ ሰዓት እንጂ የእኛ ሰዓት አለመሆኑ ነው። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ተኩል ሲሆን ልጁ ገና ከአምስተርዳም ከተነሣ 1 ሰዓቱ ነበር፤ ውቅያኖሱን እንኳ አልተሻገረም።

በዚህ እትም ሁለት በጣም የተራራቁ አውሮፕላን ማረፊያዎችን ይዘን ርቀታቸው እንዴት እንደሚለካ፣ የጉዞውም ሰዓት እንዴት እንደሚሰላ እንማራለን። ትምህርቱ ለማንም የጉዞ ተስፋ ለመስጠት የተጻፈ አይደለም። በሦስተኛ አገር የመስፈር ዕድል የሚያገኘው ሰው ጥቂት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የሚሄደውም የሚሸኘውም ይህን ስሌት ቢያውቅ እንደ እኒያ እናት ያለ ሌሊት አያድርም። ተማሪዎችም ለጂኦግራፊ ትምህርታቸው ይጠቀሙበታል።

1. ርቀቱ

መነሻችን ናይሮቢ የሚገኘው የጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ይህ ማረፊያ በ1958 ሲከፈት ኤምባካሲ ይባል ነበር፤ በ1978 በአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ስም ተሰየመ። መድረሻችን የቶሮንቶው ፒርሰን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ስሙን ያገኘው ከሌስተር ፒርሰን ነው፤ እሳቸውም በ1957 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉና በኋላም የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ መካከል ያለው አጭሩ የአየር ርቀት 12,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርምና ከምናውቀው ነገር ጋር እናስተያየው።

ከካኩማ እስከ ናይሮቢ በአየር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የናይሮቢና የቶሮንቶ ርቀት የዚህን 20 እጥፍ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ 1,160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከእርሱ ጋር ሲተያይ ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል። የምድር ዙሪያ በወገቧ በኩል 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እንግዲህ ተጓዡ ከዓለም ዙሪያ አንድ ሦስተኛ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረውን ያቋርጣል ማለት ነው። ከመካከላችን በእግሩ ድንበር የተሻገረ ሰው ደግሞ እንዲህ ብሎ ያስላው፦ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ ቢራመድ፣ ባሕሩም መሬት ቢሆንለት፣ 305 ቀን ይፈጅበታል።

2. መንገዱ ለምን ወደ ሰሜን ይወጣል?

ብዙ ጊዜ ከናይሮቢ ወደ ቶሮንቶ የሚሄድ ሰው በአውሮፓ በኩል፣ ለምሳሌ በአምስተርዳም፣ አውሮፕላን ይለውጣል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የዓለም ካርታ የተመለከተ ሰው «ለምን ያን ያህል ይዞራሉ? በማሊና በሞሪታኒያ ላይ አልፈው አትላንቲክን ቀጥ ብለው ቢሻገሩ አይሻልም?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ምድር ክብ ስትሆን ካርታው ግን ዝርግ ስለሆነ ነው።

ይህን በእጅዎ መሞከር ይችላሉ። አንድ የእግር ኳስና አንድ ክር ይውሰዱ። ኳሱን ልክ በመካከሉ እንደ ቀበቶ የሚዞር መስመር በከሰል ያስምሩበት፤ ይህ የምድር ወገብ ነው። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ነጥቧን እዚያው መስመሩ ላይ ያድርጉ። ከዚያ ኳሱን ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ፣ የዙሪያውን ሲሶ ያህል ይሂዱና ከመስመሩ እስከ ኳሱ አናት ካለው ርቀት እኩሌታ ላይ ሌላ ነጥብ ያድርጉ፤ ይህች ቶሮንቶ ናት። አሁን ክሩን በሁለቱ ነጥቦች ላይ ይዘው ጠበቅ አድርገው ይወጥሩት። ክሩ ካሰቡት በላይ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ሲያልፍ ያያሉ። በእውነተኛው ምድር ላይ ይህ ክር በቻድ፣ በአልጄሪያ በረሃና በሞሮኮ ሰሜናዊ ጫፍ አልፎ ነው ወደ አትላንቲክ የሚገባው።

አሁን በአምስተርዳም በኩል ያለውን መንገድ እንደምረው፦

ከናይሮቢ እስከ አምስተርዳም 6,670 ኪሎ ሜትር፤
ከአምስተርዳም እስከ ቶሮንቶ 5,990 ኪሎ ሜትር፤
ድምሩ 12,660 ኪሎ ሜትር።

ቀጥተኛው 12,200 ስለሆነ ልዩነቱ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህም ከግማሽ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ በረራ ነው። በካርታ ላይ ትልቅ ዙሪያ ጥምጥም የሚመስለው መንገድ በእውነቱ ከአጭሩ መንገድ ብዙም አይርቅም።

3. በአየር ላይ የሚያልፈው ጊዜ

ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከምድር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራሉ። 12,660ን ለ900 ብናካፍል 14 ሰዓት ያህል ይመጣል። በመርሐ ግብር ላይ ግን ከናይሮቢ እስከ አምስተርዳም 8 ሰዓት ተኩል ያህል፣ ከአምስተርዳም እስከ ቶሮንቶ ደግሞ 8 ሰዓት ያህል ይጻፋል፤ ድምሩ 16 ሰዓት ተኩል ነው። የቀረው 2 ሰዓት ተኩል የት ሄደ?

አንደኛ፣ በቲኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ የሚንቀሳቀስበት ነው። ከዚያ መንደርደሪያው ድረስ በመሬት ላይ ይሄዳል፤ ተራውንም ይጠብቃል። በሚያርፍበትም ቦታ እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፣ አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣና ቁልቁል ሲወርድ ፍጥነቱ ከ900 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው።

ሦስተኛ፣ ነፋስ አለ። በሰሜን አትላንቲክ ላይ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ የአየር ወንዝ አለ። በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስበትም ጊዜ አለ፤ በተለይ በክረምታቸው ወራት ይበረታል። ወደ ካናዳ የሚሄደው አውሮፕላን ይህን ነፋስ ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል፤ ከካናዳ የሚመለሰው ግን ከኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ያው መንገድ ሲመለሱ በ1 ሰዓት ያህል ያጥራል። ጀልባ ወንዝ ሽቅብና ቁልቁል ስትሄድ አንድ እንዳልሆነች ሁሉ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አውሮፕላን ለመለወጥ የሚጠበቀው ጊዜ ይጨመራል። ይህ 2 ሰዓትም፣ 10 ሰዓትም ሊሆን ይችላል። በምሳሌአችን 7 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው።

4. የአገሮች ሰዓት ለምን ይለያያል?

ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ በራሷ ዙሪያ ትዞራለች። ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ስለሆነ በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትዞራለች ማለት ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ላለ አገር ቀድማ ትወጣለች፤ በምዕራብ ላለው ዘግይታ።

ናይሮቢ ከግሪኒች በስተምሥራቅ 37 ዲግሪ ላይ ናት፤ ቶሮንቶ በስተምዕራብ 80 ዲግሪ ያህል ላይ። በመካከላቸው 117 ዲግሪ አለ። ይህን ለ15 ብናካፍል 7.8 ይመጣል። አብዛኞቹ አገሮች ሰዓታቸውን በሙሉ ቁጥር ስለሚያደርጉ በቶሮንቶና በናይሮቢ መካከል ያለው ልዩነት 8 ሰዓት ነው። እኛ ዘንድ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ሲሆን እነርሱ ዘንድ ገና 12 ሰዓት፣ ንጋት ነው። አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ሞቃዲሾና ጅቡቲ ሁሉም አንድ ሰዓት ስለሚጠቀሙ ይህ ስሌት ለሁሉም ያገለግላል።

ነገር ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ካናዳና አውሮፓ በበጋቸው ወራት ሰዓታቸውን በ1 ሰዓት ወደ ፊት ይገፉታል፤ እኛ ግን አንነካውም። ስለዚህ በእነርሱ በጋ ልዩነቱ በ1 ሰዓት ይቀንሳል፦

ቶሮንቶ፦ በክረምታቸው ከእኛ 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ።
አምስተርዳም፦ በክረምታቸው ከእኛ 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ወደ ኋላ።

የቶሮንቶ ለውጥ የሚደረገው በማርች ሁለተኛው እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። የአምስተርዳም ደግሞ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። እነዚህ ቀኖች ስለማይገጥሙ በየዓመቱ ካናዳ ወደ በጋ ሰዓት ገብታ አውሮፓ ገና በክረምት ሰዓት ላይ የምትሆንባቸው ሳምንቶች አሉ። በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ የሚጓዝ ሰው ልብ ይበል።

5. የልጁን ወረቀት እንደገና እናንብበው

አሁን ወደ እኒያ እናት ወረቀት እንመለስ። ጉዞው በሐምሌ ስለነበር ቶሮንቶ ከእኛ 7 ሰዓት፣ አምስተርዳም 1 ሰዓት ወደ ኋላ ነበሩ። (የበረራ ሰዓቶች በየወቅቱ ስለሚለወጡ ይህን ለምሳሌ ብቻ ይውሰዱት።)

ማክሰኞ 23:50 ከናይሮቢ ተነሣ። ይህ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ50 ነው።
8 ሰዓት ተኩል በረረ። በእኛ ሰዓት ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ከ20 ሆነ፤ የአምስተርዳም ግድግዳ ሰዓት ግን 07:20፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ20 ይላል።
7 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ጠበቀ። በአምስተርዳም ሰዓት 14:30 ላይ ተነሣ። በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው።
8 ሰዓት በረረ። በእኛ ሰዓት ረቡዕ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ቶሮንቶ አረፈ። የቶሮንቶ ሰዓት ግን 16:30 ነው።

ከቤቱ ሰዓት አንጻር ጉዞው 23 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀ። ወረቀቱን እንዲያው ቀንሶ ያየ ሰው ግን ከ23:50 እስከ ማግስቱ 16:30 ያለው 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ይመስለዋል። የጎደለው 7 ሰዓት ልክ የሁለቱ አገሮች የሰዓት ልዩነት ነው። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦

ወደ ምዕራብ ለሚሄድ፣ ከመድረሻው ሰዓት የመነሻውን ሰዓት ይቀንሱና ልዩነቱን ይደምሩ።
ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ፣ ከመድረሻው ሰዓት የመነሻውን ሰዓት ይቀንሱና ልዩነቱንም ይቀንሱ።

አውሮፕላኑ ካረፈም በኋላ ተጓዡ ወረቀቱን ያስመረምራል፤ ሻንጣውን ይጠብቃል። ይህ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስልክ የሚደውለው ከዚያ በኋላ ነው። እናትየው ስልኩን መጠበቅ የነበረባቸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወዲህ እንጂ ከቀኑ 10 ተኩል ጀምሮ አልነበረም።

6. የሀበሻ ሰዓትና የቲኬት ሰዓት

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። ስዋሂሊ የሚናገሩ ጎረቤቶቻችንም በንግግራቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። ቲኬት ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ከ00:00 እስከ 23:59 ይቆጥራል። ለመለወጥ፦

ከ00:00 እስከ 06:59 ከሆነ 6 ይደምሩ። (03:00 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።)
ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ይቀንሱ። (14:30 ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው።)
ከ19:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ይቀንሱ። (21:00 ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።)

ከሁሉ የሚከፋው ወጥመድ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሰዓት ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ዘመዶቹ በላኩለት ቲኬት ላይ «ረቡዕ 00:30» የሚል አየ። 00:30 ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል መሆኑን በሚገባ አውቋል። ለእኛ ግን ሌሊት ያለፈው ቀን ተከታይ ስለሆነ «ረቡዕ ሌሊት 6 ተኩል» ብሎ ተረዳው። ረቡዕን ሙሉ ወዳጆቹን ሲሰናበት ውሎ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ለመገኘት ረቡዕ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አውሮፕላን ማረፊያው ደረሰ። አውሮፕላኑ ከሄደ 21 ሰዓት ሆኖት ነበር። ረቡዕ 00:30 ማለት ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነው። መነሣት የነበረበት ማክሰኞ ምሽት ነበር። ቲኬቱም ገንዘቡም ቀረ፤ ሌላ ቲኬት እስኪገኝ ብዙ ቆየ።

ስለዚህ ቲኬት ላይ ከ00:00 እስከ 06:00 ያለ ሰዓት ሲያዩ «ለዚህ ቀን አጥቢያ» ብለው ያንብቡት።

ቀኑንም ይጠንቀቁ። ቲኬት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሴፕቴምበር 12 የሚል ቢያዩ መስከረም 12 አይደለም፤ መስከረም 2 ነው። ጳጉሜን 6 ባላት ዓመት ማግስት ደግሞ መስከረም 1 ይሆናል። መስከረም 12 ብሎ የጠበቀ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው 10 ቀን አልፎት ይነቃል። በመድረሻው ሰዓት አጠገብም የመደመር ምልክትና 1 ቁጥር ካለ በማግስቱ ይደርሳል ማለት ነው።

7. በመንገድ ላይ የሚጠቅሙ ነገሮች

በመተላለፊያ ማረፊያ ሲደርሱ በክንድዎ ያለውን ሰዓት ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያለውን ይመኑ። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ሰዓቱን ሳይለውጥ ቢቀር ቢያንስ ቀድሞ ነው የሚገኘው፤ ብዙ አይጎዳም። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ግን ይዘገያል። ዱባይ ከእኛ 1 ሰዓት ስለምትቀድም፣ በናይሮቢ ሰዓት የሚሄድ ሰው «ገና 1 ሰዓት አለኝ» ሲል አውሮፕላኑ ይነሣል። በሩም ከመነሻው ሰዓት በፊት እንደሚዘጋ አይዘንጉ። በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በኩል የሚጓዝ ሰው ሰነዶቹ ያሉበትን የድርጅቱን ቦርሳ እንዲታይ አድርጎ ይያዝ፤ የሚቀበሉት ሠራተኞች የሚለዩት በእርሱ ነው።

በየ12 ሰዓቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መቁጠር ያለበት ያለፈውን ሰዓት እንጂ የየአገሩን ሰዓት አይደለም። ለምሳሌ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት የሚወስድ ከሆነ፣ ከላይ ባየነው ጉዞ የረቡዕ ጠዋቱ አምስተርዳም ከማረፉ 20 ደቂቃ በፊት ላይ ይውላል። የማታው አትላንቲክ ላይ እያለ ነው፤ ያኔ በቶሮንቶ 13:00፣ ማለትም ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። የሐሙስ ጠዋቱ ደግሞ በቶሮንቶ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይሆናል። ስለዚህ መድኃኒቱን በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይያዙ፤ አንድ ሰዓት በናይሮቢ አቆጣጠር እንዳለ ይተዉት፤ ከመነሣትዎ በፊትም ክሊኒክ ሄደው ይጠይቁ።

ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ከፀሐይ ጋር ስለሚጓዝ ቀኑ ይረዝምበታል። ያ ወጣት ያሳለፈው ረቡዕ 24 ሳይሆን 31 ሰዓት ነበር። ረቡዕን የሚጾም፣ በረመዳንም የሚጓዝ ሰው ይህን አስቀድሞ አውቆ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ይመካከር። ለሕፃናትም ምግብና ወተት ለአንድ ቀን ሳይሆን ለአንድ ቀን ተኩል ያስቡ።

በመጨረሻም፣ በሦስተኛ አገር ለመስፈር የሚደረግ አገልግሎት በነጻ ነው። ቲኬት ወይም ስም ማስገቢያ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢያጋጥምዎ አይስጡ።

8. መልመጃ

ጥያቄ 1፦ በጥር ወር አንድ ሰው እሑድ 23:00 ከናይሮቢ ተነሥቶ ሰኞ 15:00 ቶሮንቶ ደረሰ። ጉዞው ስንት ሰዓት ፈጀ?

ጥያቄ 2፦ በሐምሌ አንዲት እኅት ሰኞ 16:30 ከናይሮቢ ተነሥታ በዱባይ በኩል ማክሰኞ 22:00 የአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ደረሰች። ያኔ ሜልቦርን ከእኛ 7 ሰዓት ትቀድማለች። ጉዞዋ ስንት ሰዓት ፈጀ?

ጥያቄ 3፦ ቲኬት ላይ «ዓርብ 00:45» ይላል። ሦስት ሰዓት ቀድሞ ለመገኘት በእኛ አቆጣጠር መቼ መድረስ ያስፈልጋል?

ጥያቄ 4፦ ቶሮንቶ ያለ ወንድምዎ በሐምሌ «ቅዳሜ በእኔ ሰዓት 20:00 ላይ እደውላለሁ» አለ። ስልኩን መቼ ይጠብቁ?

መልስ

1. ከ23:00 እስከ 15:00 ያለው 16 ሰዓት ነው። በክረምታቸው ልዩነቱ 8 ስለሆነ ሲደመር 24 ሰዓት ይሆናል።

2. በወረቀት ላይ 29 ሰዓት ተኩል ይመስላል። ወደ ምሥራቅ ስለሆነ 7 ሲቀነስ 22 ሰዓት ተኩል ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ከናይሮቢ እስከ ሜልቦርን ቀጥተኛው ርቀት 11,480 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከቶሮንቶ ያነሰ ነው። በዱባይ በኩል ግን 15,200 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሜልቦርን በደቡብ ሳለች ዱባይ በሰሜን ስለሆነች ነው። አምስተርዳም ለቶሮንቶ መንገድ ላይ ናት፤ ዱባይ ግን ለሜልቦርን እውነተኛ ዙሪያ ጥምጥም ናት።

3. ዓርብ 00:45 ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ45 ነው። ስለዚህ ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45 ላይ መድረስ ያስፈልጋል።

4. 20 ሲደመር 7 ሲሆን 27 ነው። 24 ሲቀነስ 03:00 ይሆናል። ይህም ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ወንድምዎን «በእኛ ሰዓት ቀን ላይ ደውል» ቢሉት ይሻላል።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይበቃል። የሚጓዝ ሰው ለቤተሰቡ ወረቀት ሲጽፍ ከቲኬቱ የገለበጠውን ብቻ አይተው፤ ከሥሩ ሦስት መስመር ይጨምር። የዚያ ልጅ ወረቀት እንዲህ ቢሆን ኖሮ እናትየው ረቡዕን በሰላም በዋሉ ነበር፦

«የምነሣው ማክሰኞ በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ50 ነው።
የማርፈው ረቡዕ በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ነው።
ስልኬን ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት አትጠብቁ፤ እስከዚያ ተኙ።»